ጎንደር፦ ወፍ እያዩ፣ ፎቶ እያነሱ፣ ታሪክ እየጎበኙ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሯት ይባላል፤ ዓመቱን ትንሽ ወዲህ ወዲያ የሚያደርጉም አሉ። ለ200 ዓመት ግድም የነገሥታት መናገሻ ሆናለች። በሐሩራማው የምድር ክልል ውስጥ ብትሆንም ከፍታዋ አየሯን አለዝቦታል። እኩለ ቀን ላይ እንኳ ካሜራ አንግቶ መራመድ አይከብድም።

ሰው ወደ ጎንደር የሚመጣው ለግንቡ፣ ለጥምቀቱና ለሰሜን ተራሮች ነው። ለወፍ ብሎ የሚመጣው ጥቂት ነው። ወፍ ወዳድ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ሲጓዝ ደግሞ አንድ የታወቀ ችግር አለ። እሱ ቁጥቋጦ ሥር ሲያደባ ሌላው ይሰለቻል። እዚህ ግን መለያየት አያስፈልግም። ወፎቹ ያሉት ጎብኚው ሊያይ በመጣበት ቦታ ነው፤ ግንቡ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ላይ፣ ሐይቁ ዳር።

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የዚህ አገር ብቻ የሆኑት ስንት ናቸው ሲባል አቆጣጠሩ ይለያያል። ኤርትራ ውስጥም የሚኖሩትን አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሦስቱን ጎንደር ከተማና ዙሪያዋ ብዙ ሳይለፉ ማየት ይቻላል።

ከተማው ውስጥ

ፋሲል ግቢ 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በቅርብ ዓመታትም ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል። ከግንቦቹ ጫፍና መስኮት የማይጠፋው ነጭ አንገት ያለው ርግብ ነው። ገላው ግራጫ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ቀለበት መሰል ምልክት አለው። ጠንካራ ፀሐይ ይህን ነጭ ስለሚያጠፋው ፎቶው በጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ወፉን ብቻ አጉልቶ ከማንሳት ይልቅ ድንጋዩንና ቅስቱን አብሮ ማስገባቱን እመርጣለሁ። እንዲህ ያለ መቀመጫ ሌላ አገር አይገኝም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው። በ1888 እ.ኤ.አ. ከሱዳን የመጡ መሐዲስቶች (ድርቡሾች) ከተማዋን ሲያቃጥሉ የንብ መንጋ እንዳዳነው ይነገራል፤ ጎንደሬ ይህን አይጠራጠርም። ከጣሪያው የሚመለከቱት የመላእክት ፊቶች በዓለም የታወቁ ናቸው። ውስጥ ፍላሽ ማብራት ክልክል ነው፤ ሥዕሉ እንዳይጎዳ ስለሆነ ሊከበር ይገባል። ሥዕሉን አይቶ የወጣ ሰው ቶሎ ወደ መኪናው ባይሮጥ ጥሩ ነው። የግቢው ጽድና ወይራ ለዘመናት ሳይቆረጥ በመቆየቱ ለወፍ መጠለያ ሆኗል።

ፋሲል መዋኛ በጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። አንዳንዶች ያሠሩት ኢያሱ ናቸው ይላሉ፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ግን የፋሲል መሆኑን ነው። የዛፎቹ ሥር የአጥሩን ድንጋይ ወጥሮ ይዞታል። ማለዳ ላይ ጉሮሮው ላይ ቆዳ የተንጠለጠለበት ጥቁር ቡናማ ኢቢስ በከተማው ሰማይ ሲጮህ ይሰማል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ከሩቅ ይለያል። ሣር ላይ ሲወርድ ረጅም ቆልማማ መንቁሩን እየወጋ ትል ይለቅማል።

ወፍራም መንቁር ያለው ቁራም የዚሁ ምድር ልጅ ነው። ከማጅራቱ ነጭ ነገር አለው። ፎቶ አንሺ ዝም ብሎ ቢጠብቀው ጥሩ ነገር ያያል። ፋንድያ አጠገብ ቆሞ ግዙፉን መንቁሩን ወዲህ ወዲያ እየወዘወዘ ይበትነዋል፤ ከዚያ ውስጡ ያለውን ዕጭ ለቅሞ ይበላል።

የድሮ ተጓዦች

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ተቀምጧል። ከ20 ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጽ ላይ የአገራችንን ወፎች ከነሥዕላቸው አስፍሯል። እርኩምም ከእነሱ አንዱ ነው።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ሊማሊሞ አናት ላይ የሆነው ነው። አሽከሮቹ ከበው የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ሊበሉ ሲሉ አንድ ትልቅ አሞራ መሬት ለመሬት እየበረረ መጥቶ መሐላቸው አረፈ። ከሚፈላው ድስት ሥጋ ሊያወጣ እግሩን ከተተ፤ አቃጠለውና ተወው። ከዚያ ገበታ ላይ የነበረውን ጭንና ወርች በሁለት እግሩ ይዞ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ ተኩሶ ገደለው። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 8 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ማለት 2 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ሬሳውን ሲያነሳ እጁ ቢጫ ዱቄት ለበሰ። ብሩስ ወርቃማው ንስር አለው፤ ወፉ ግን አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ባለጢሙ ጥንብ አንሳ ነው። ይህ ወፍ ላባውን ብረት ባለው ቀይ አፈር እንደሚያቀልም ዛሬ ይታወቃል፤ ዱቄቱም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 እና በ1833 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጧል። ርግቡን፣ ኢቢሱንና ቁራውን ለሳይንስ የገለጸው እሱ ነው። ዋልያንም እንዲሁ። የሰበሰባቸውን ናሙናዎች ወደ ፍራንክፈርት ወስዷል። በስሙ የሚጠራው ጥንብ አንሳ ከ11,000 ሜትር በላይ ሲበር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ያውቃል።



ወደ ሰሜን

ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገድ ላይ ኮሶዬ አለ፤ ገደሉን ቁልቁል ለማየት ቆም የሚባልበት ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ቤተሰቡ ጭላዳ ሲያይ ወፍ ወዳዱ ገደል አፋፍ ይቀመጥ። ባለጢሙ አሞራ ከታች በኩል ሲያልፍ ጀርባውን ማንሳት ይቻላል፤ ሌላ ቦታ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሆዱ ብቻ ነው። ወደ ፓርኩ የሚገባው ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ነው።

ወደ ጣና

ጎርጎራ የጣና ሰሜን ዳርቻ ናት። ደብረ ሲና ማርያምን አይቶ በዚያው ሐይቁ ዳር መሄድ ይቻላል። ፔሊካንና ዓሣ አዳኝ ንስር አሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡ ክሬን የሚባሉ እግረ ረጅም ወፎች በጣና ዙሪያ ረግረግና እርሻ ላይ በብዛት ይከርማሉ። ታንኳ ላይ ትራይፖድ አይሠራም፤ ካሜራውን በእጅ ይዞ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ይሻላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታየው እምቦጭ የደንቢያን ዳርቻ ክፉኛ ጎድቶታል። ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ በእጃቸው እየነቀሉ ታግለውታል፤ ክብር ይገባቸዋል።



ጊዜና ዕቃ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ምርጥ ጊዜ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ እንግዶቹ ወፎች ገብተዋል፣ ጥምቀትም በመሐል ነው። በጥምቀት ሰሞን ግን መኝታ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ መዋኛው አካባቢም ለወፍ ጸጥታ አይገኝም። በሌላው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ለወፍ፣ ከዚያ ለግንብና ለቤተ ክርስቲያን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ለወፍ ቢሆን ሁሉም ይደሰታል። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም። ሰው፣ በተለይ ካህናትን፣ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው። ከከተማ ከመውጣት በፊት የመንገዱን ጸጥታ አገሬውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ይለያያል።