ኦርጅናል የኮሚክ ሥዕል ምንድን ነው? የመርካቶው ሳይሆን የቀበሌው ኦርጅናል

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት አራት ኪሎ ካለችው የፍሬም ሥራ ቤቴ መጣ። በላስቲክ የታሸገ የስፓይደርማን ኮሚክ፣ ማለትም ታሪኩ በሥዕል በሣጥን በሣጥን የሚተረክበት መጽሔት፣ ደረቱ ላይ አቅፏል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ነው የገዛው። «ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው። ፍሬም ያድርጉልኝ፣ ዋጋውንም ይገምቱልኝ» አለኝ። ልጁ ላይ አልፈርድም። በዚያው ሰሞን አንድ የራዲዮ እንግዳ «ኦርጅናል ኮሚክ በሚሊዮን ዶላር ይሸጣል፤ ቤታችሁን ፈትሹ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ፈትሾ የመጣልኝ ሰው ይህ ልጅ አራተኛው ነው። ስለዚህ ቃሉን አንድ ጊዜ ላፍታታው።

እኛ ጋ «ኦርጅናል» ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ የመርካቶ ነው። ኦርጅናል ጫማ፣ ኦርጅናል ቻርጀር ስንል ፎርጅድ አይደለም ማለታችን ነው። ያ ጫማ ግን በዓለም ላይ መቶ ሺህ ጥንድ ሊኖረው ይችላል። ሁሉም ኦርጅናል ነው። ሌላው የቀበሌ ነው። «ኦርጅናሉንና ኮፒውን ይዘህ ና» ትባላለህ። እዚህ ጋ ኮፒው ፎርጅድ አይደለም፤ ትክክለኛ ኮፒ ነው። ኦርጅናሉ ግን አንድ ብቻ ነው። የሰው እጅ የፈረመበት፣ ማህተም ያረፈበት፣ እሱ ራሱ ወረቀቱ።

የኮሚክ ሥዕል ሰብሳቢዎች «ኦርጅናል» ሲሉ የቀበሌውን ማለታቸው ነው። ሠዓሊው በእርሳስ የነደፈው፣ ከዚያ በጥቁር ቀለም የተሠራው፣ ማተሚያ ቤቱ ፊልም ያነሳው ያ አንድ ወረቀት ነው። መጽሔቱ የፈለገውን ያህል አሮጌ ይሁን፣ የመጀመሪያው እትም ይሁን፣ ኮፒ ነው። የልጁ መጽሔት በመርካቶ ቋንቋ ኦርጅናል ነው። በቀበሌ ቋንቋ ግን አይደለም።

የራዲዮው እንግዳ ያልለየው ይህንኑ ነው። ምሳሌ ያደረገው አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1ን ነበር፤ ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበትን የ1938 መጽሔት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) እውነት ነው፣ አንድ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ግን የታተመ መጽሔት ነው። ያን ያህል ያወጣው ከተረፉት ጥቂት ቅጂዎች በጣም ንጹሕ ከሆኑት አንዱ ስለሆነ ነው። ከ10 8.5 ነጥብ ነበር የተሰጠው። በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በጨረታ ሠዓሊው በእጁ የሳለው አንድ ገጽ ብቻ 3.36 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሲክሬት ዋርስ የተባለው የ1984 ኮሚክ ቁጥር 8፣ ገጽ 25 ነው። ማይክ ዜክ ነው የሳለው፤ ስፓይደርማን ጥቁሩን ልብስ ያገኘበትን ታሪክ ያሳያል። የዚያ መጽሔት ቅጂ ሞልቷል። ገጹ ግን አንድ ነው። ታዲያ እነዚህን ሁለት ዋጋዎች በአንድ ቃል ጠቅልሎ «ቤታችሁን ፈትሹ» ማለት ሰውን ማሳሳት ነው። የመጀመሪያው የሚለካው በንጽሕናው ነው። ሁለተኛው የሚለካው በማን እጅ እንደተሳለና ምን እንደተሳለበት ነው።

ንጽሕና ኦርጅናል ላይ ያን ያህል ዋጋ እንደሌለው ለማየት ቲንቲን የሚባለው የኮሚክ ጀግና ያለበትን አንድ ሥዕል ውሰዱ። የቲንቲን ፈጣሪ ኤርዤ በ1936 «ሰማያዊው ሎተስ» ለተባለው መጽሐፍ ሽፋን ብሎ የሳለው ነው። ለኅትመት ውድ ስለሆነ ቀረ። ስድስት ቦታ ታጥፎ ለብዙ አሥርት ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በ2021 ፓሪስ ላይ ከነእጥፋቱ 3.2 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሸጠ። የቤት ካርታችሁን አስቡት። ተጣጥፎ፣ ሻይ ፈሶበት ሊሆን ይችላል። ጎኑ ያለው ኮፒ ከሱ ይልቅ ያምራል። ባንክ ቤት ግን የሚጠይቃችሁ የተጨማደደውን ነው።

ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። መሥሪያ ቤት ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሰነድ አይቀበልም። የኮሚክ ኦርጅናል ላይ ስርዝ ድልዙ ነው ምስክሩ። እኔ ፍሬም ሠሪ ከመሆኔ በፊት ማተሚያ ቤት ፊልም ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ይህን በእጄ አውቀዋለሁ። ኦርጅናል ሥዕል ሰው እንዲያየው ተብሎ አይሠራም። የማተሚያ ቤቱ ካሜራ እንዲያየው ነው። ካሜራው የማያየው ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። በደንብ ያልጠፋ የእርሳስ መስመር አለ። በፍሉድ የተሸፈነ ስህተት አለ። ንግግሩ በሌላ ወረቀት ተጽፎ በማስቲሽ ተለጥፎ ይሆናል፤ ማስቲሹ ሲያረጅ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ህዳጉ ላይ «ይህን አሳንሱ» የሚል ማስታወሻ ይኖራል። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እርሳስም ይገኛል። የድሮው ፊልም ያንን ሰማያዊ ስለማያነሳው ሠዓሊው እንደልቡ ይነድፍበት ነበር፤ ማጥፋት እንኳ አያስፈልገውም።

ሌላው ሰው የሚደነግጥበት ነገር ቀለሙ ነው። የድሮዎቹ የአሜሪካ ኮሚክ ኦርጅናሎች በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ናቸው። ቀለሙ የሚመረጠው በሌላ ሰው፣ በሌላ ኮፒ ላይ ነበር። መስመሩና ቀለሙ የሚገናኙት ማተሚያው ላይ ነው። ስለዚህ ባለቀለም ገጽ ይዞ «ይኸው ኦርጅናሉ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ አጉሊ መነጽር አንሱ። ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች ካያችሁ ኅትመት ነው፣ አበቃ። ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ካያችሁ ግን አትቸኩሉ። ጥላ ለማሳየት ነጠብጣብ የታተመበት ስስ ፕላስቲክ ኦርጅናሉ ላይ ይለጠፍ ነበር። መጠኑንም ለኩ። የአሜሪካ መጽሔት 17 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኦርጅናሉ ይበልጣል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ 28 በ43 ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከዚህም ይሰፋ ነበር።

ካርታ ሲጠፋ ምትክ ይወጣል። ኮሚክም ላይ ይኸው አለ። ሠዓሊው ራሱ የድሮ ሽፋኑን ለደንበኛ እንደገና ይስለዋል። እጁ የሱ ነው፣ ፊርማው የሱ ነው። ግን ማተሚያ ቤት ገብቶ የወጣው ወረቀት አይደለም፤ ምትክ ነው። በምትክነቱ ከተሸጠ ነውር የለውም። ዋጋው ግን ከኦርጅናሉ ጋር አይወዳደርም።

ቤት ስትገዙ እዳና እገዳ እንደምታጣሩት፣ እዚህም የወረቀቱን ታሪክ ማጣራት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አሳታሚዎቹ ሥዕሉን ለሠዓሊው አይመልሱም ነበር። ብዙው ተጣለ፣ ተቆራረጠ፣ በስጦታ ሄደ፣ ተሰረቀ። ዋነኞቹ ቤቶች መመለስ የጀመሩት በ1970ዎቹ ነው። ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ከአሳታሚው ከማርቭል ጋር ብዙ ተሟግቶ በ1987 የተመለሰለት 2,000 ገጽ ገደማ ነው፤ የሳለው ግን ከ10,000 በላይ ነበር። ቀሪው የት ነው? አንዳንዱ በየጨረታው ብቅ ይላል። በሌላ በኩል ስፓይደርማን መጀመሪያ የታየበትን የ1962 መጽሔት ኦርጅናሎች፣ ስቲቭ ዲትኮ የሳላቸውን 24 ገጾች፣ በ2008 ስሙን ያልገለጸ ሰው ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ሰጥቷቸዋል። እነዚህ ለሽያጭ አይቀርቡም።

አሁን በታብሌት የሚሳል ኮሚክ ወረቀት የለውም። ፋይሉ ሺህ ጊዜ ቢታተምና ቢፈረምበት የተፈረመ ኅትመት ነው።

«እኛ አገርስ?» ለምትሉ፦ ቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ውስጥ የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባ ሥዕል ታውቁታላችሁ። ታሪኩ በረድፍ በረድፍ በሣጥን ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን ሆኖ የሚሳለው። ለእኔ ከኮሚክ የሚያንሰው ነገር የለም። ግን ማተሚያ ቤት አይገባም። እያንዳንዱ በእጅ ይሳላል፤ ሌላው ሠዓሊም ያንኑ እያየ ይስላል። ስለዚህ የቀበሌው ጥያቄ እዚያ አይሠራም። እዚያ የሚጠየቀው የማን እጅ ነው፣ መቼ ነው የሚለው ነው።

የእኛ እውነተኛ ኦርጅናሎች የጋዜጣና የመጽሔት ካርቱኖች ናቸው። እዚህ ላይ ልቤ ይደማል። እኔ በሠራሁበት ማተሚያ ቤት ፕሌቱ፣ ማለትም ማተሚያው ላይ የሚገጠመው ቆርቆሮ፣ ከወጣ በኋላ ሥዕሉ ከቁርጥራጭ ወረቀት ጋር ተጠርጎ በኪሎ ይሸጥ ነበር። ቆሎ ተጠቅልሎበት አይቻለሁ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። እንደ ኮፒ ስለቆጠሩት ነው፤ ኮፒው ግን ጋዜጣው ነበር።

ስለዚህ አባታችሁ ወይም አክስታችሁ ለጋዜጣ ይስሉ ከነበረ፣ ጥቅል ወረቀቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዱት። ላሚኔት አታስደርጉት። ዲግሪያችንን ላሚኔት ማድረግ ስለለመድን ጥበቃ ይመስለናል። ሙቀቱና ሙጫው ከወረቀቱ ጋር ይዋሃዳል፣ ሳይጎዳ ማላቀቅ አይቻልም ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የባለቤታቸውን ሥዕል እንዲህ አድርገው አመጡልኝ፤ ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም። የተቀደደውን በፕላስተር አትጠግኑ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐያችን ጨካኝ ነው። ጥሩ ጥቁር ቀለም ይችለዋል። በማርከር የተሳለው ግን ይጠፋል። በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሃል ዘርግታችሁ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ክረምት ሲገባ ሳጥኑን ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት። ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ፣ የጋዜጣ ቁጥርም ቢሆን፣ አታጥፉት።