«ልጄ ከጉንፋን ወጥቶ አያውቅም»፦ ስለ ነርቭ እና ስለ ልጆች በሽታ የመከላከል አቅም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዱ ጉንፋን በቅጡ ሳይለቅ ሌላው ይተካል። ሳሉ ጋብ ሲል ንፍጡ ይጀምራል፤ ንፍጡ ሲደርቅ ትኩሳቱ ይመለሳል። ልጁን ታቅፎ ሌሊቱን ያነጋ ወላጅ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልስ የሚሰጠውም አያጣም። ከመልሶቹ አንዱ «የልጅዎ የነርቭ ሥርዓት ተዛብቷል፤ እሱ ካልተስተካከለ በሽታው አይለቀውም» የሚል ነው። ይህ አባባል አሳሳች የሚሆነው ከእውነት ጋር ስለተቀላቀለ ነው። ነርቭ እና በሽታ መከላከያ በእርግጥ ይነጋገራሉ። ከዚያ ተነስቶ ለወላጅ የሚሰጠው ተስፋ ግን አብዛኛው መሠረት የለውም።

«ቶሎ ቶሎ የሚታመም ልጅ በሽታ የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው»

ብዙውን ጊዜ አይደለም። ጤነኛ ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል። ሕፃናት ማቆያ የሚውል ከሆነ ወይም ታላላቆቹ ከትምህርት ቤት ይዘውለት የሚመጡ ከሆነ ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል። አንዱ ጉንፋን 10 ቀን ያህል ቢቆይ፣ 8 ጉንፋን ማለት በዓመት 80 የሕመም ቀን ነው። ሳሉ ብቻውን ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊከርም እንደሚችል ሲታሰብ፣ ወላጁ «ጤነኛ ሆኖ ያየሁት ቀን የለም» ቢል ብዙም አላጋነነም።

ጉንፋን የሚያስከትሉ ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው። ልጁ በማህፀን ሳለ ከእናቱ የወረሳቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከተወለደ በኋላ ባሉት ወራት እየተመናመኑ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቫይረስ ራሱ ተዋውቆ ማስታወስ አለበት። የመከላከያ ሥርዓቱ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው እንጂ አልደከመም። ስለዚህ ስንት ጊዜ ታመመ ከሚለው ይልቅ እንዴት አገገመ የሚለው ይበልጥ ይናገራል። ሲሻለው የሚጫወት፣ የሚበላ፣ ክብደቱ የሚጨምር ልጅ ሰውነቱ ሥራውን እየሠራለት ነው።

«ነርቭ ሌላ፣ በሽታ መከላከያ ሌላ»

የሕክምናው ዓለምም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያምን ነበር። ይህን እምነት ካናጉት መካከል እ.ኤ.አ. በ1975 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነ ሙከራ ይገኝበታል። ሮበርት አደር እና ኒኮላስ ኮኸን አይጦችን ጣፋጭ ውሃ አጠጥተው በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ወጓቸው። በኋላ መድኃኒቱን ትተው ጣፋጩን ውሃ ብቻ ሲሰጧቸው የአይጦቹ የመከላከል ምላሽ አሁንም ቀነሰ። ውሃው ውስጥ ከማጣፈጫ በቀር ምንም አልነበረም። አንጎል የተማረውን ለመከላከያው አስተላልፎ ነበር።

በ1980ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ፌልተን እና ባልደረቦቹ የነርቭ ክሮች ጣፊያን ወደመሳሰሉ አካላት ዘልቀው ከመከላከያ ህዋሳት አጠገብ እንደሚደርሱ በማይክሮስኮፕ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የኬቨን ትሬሲ ቡድን ከአንጎል ግንድ ተነስቶ እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርደውን ቬገስ የተባለ ነርቭ በአይጦች ላይ በኤሌክትሪክ ሲያነቃቃ፣ ብግነትን የሚያባብስ አንድ ኬሚካል በደማቸው ውስጥ መቀነሱን አስታወቀ። ብግነት ማለት ሰውነት ከተህዋስ ጋር ሲታገል የሚፈጠረው መቅላት፣ ማበጥና መጋል ነው። አንጎል በዚህ ላይ ልጓም አለው።

መልእክቱ ወዲያም ወዲህም ይሄዳል። የታመመ ልጅ የሚጫጫነው፣ ምግብ የሚገፋው፣ መጫወቻውን የማይነካው የመከላከያ ህዋሳቱ ለአንጎል «ጦርነት ላይ ነን» ስላሉ ነው። ትኩሳቱም ቢሆን አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ራሱ ከፍ ያደረገው ነው። ስለዚህ ለሁለትና ሦስት ቀን ምግብ የቀነሰን ልጅ አፉን ይዞ በግድ ማጉረስ አይጠቅመውም። ፈሳሽ ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ ሊያገኝ ይገባል፤ የሚጠባ ከሆነም ጡት።

«ነርቩ ከተስተካከለ መታመሙ ይቀራል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የወላጅ ገንዘብም ተስፋም የሚባክነው እዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ካይሮፕራክቲክ የተባለውን የአከርካሪ ማስተካከል ሥራ የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር፣ አብዛኞቹ በሽታዎች የሚመጡት አጥንት ቦታውን ለቆ ነርቭን ስለሚጫን ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ዛሬም የልጅን ጀርባና አንገት በእጅ በመጫን በሽታ የመከላከል አቅሙን እናሳድጋለን የሚሉ ሰዎች ሐሳባቸው ከዚያ የተቀዳ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ጉንፋንን፣ የጆሮ ኢንፌክሽንን ወይም የቶንሲል ሕመምን እንደሚያስቀር የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የሰውነት አወቃቀርም አያግዘውም፤ ያ ልጓም የሆነው ቬገስ ነርቭ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል አያልፍም። በራስ ቅል ሥር ባለ ቀዳዳ ወጥቶ በአንገት ፊት ለፊት በኩል ከትልልቆቹ የደም ሥሮች ጋር ይወርዳል። የጨቅላ አንገት አጥንቱም ጅማቱም ገና ያልጠና ስለሆነ ማንም በኃይል ሊያጣምመው አይገባም።

«መከላከያውን ከፍ ማድረግ» የሚለው ሐሳብ ራሱ ጎዶሎ ነው። መከላከያ በጨመረ ቁጥር የሚሻል ነገር አይደለም። ያለቦታው ሲቆጣ አለርጂን ያመጣል፤ የገዛ አካሉን ባዕድ አድርጎ ሲያይ ደግሞ ለመገጣጠሚያ፣ ለቆሽት፣ ለቆዳ ሕመም ይዳርጋል። ልጅ የሚያስፈልገው ሲጠራ የሚመጣ፣ ሥራው ሲያልቅ የሚመለስ መከላከያ ነው።

«ጭንቀት የአዋቂ ነው፤ ሕፃን ምን ያስጨንቀዋል?»

ሲያስፈራሩት፣ ሲመቱት፣ የሚወደው ሰው ሲለየው፣ በቤቱ ውስጥ ጠብ ሲከርም ይጨነቃል። ያኔ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ለወራት ሲቀጥል ግን የመከላከያ ህዋሳትን አሠራር ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሼልደን ኮኸን እና ባልደረቦቹ ይፋ ባደረጉት ጥናት ፈቃደኛ አዋቂዎች አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨምሮላቸው ነበር። ጭንቀት የበዛባቸው በብዛት ታመሙ። ይኸው ተመራማሪ ከሌሎች ጋር በ2015 ያወጣው ጥናት ደግሞ ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙ አዋቂዎች ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ ጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው 4 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል።

ጥናቶቹ በአዋቂዎች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ልጅ ማዞር አይቻልም። የልጅ ነርቭ እንቅልፍና መረጋጋት እንደሚሻ ግን አያጠራጥርም። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ለታናናሾቹ የቀን እንቅልፍም ይቆጠራል። ወላጆች ደግሞ ይህን አንብባችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ልጅ አልቅሶ ስለተኛ ወይም ትምህርት ቤት ሲጀምር ስለፈራ በሽታ መከላከያው አይፈርስም። የሚያቅፈው፣ የሚያረጋጋው ሰው አጠገቡ ሲኖር ሰውነቱ ወደነበረበት ይመለሳል።

«ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ልጅ አንጎሉ ተጎድቷል»

ትኩሳቱ ሲጨምር ልጅ ራሱን ስቶ ሲንፈራገጥ ማየት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ከ100 ልጆች ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ያጋጥማቸዋል፤ አብዛኞቹም ምንም ጉዳት አይተርፋቸውም። በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ሰዓት ተመልከቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ከሆነ ቶሎ ቢቆምም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

«የነርቭ ሕመም ያለበት ልጅ የሚታመመው ደሙ ደካማ ስለሆነ ነው»

ነርቭ ለተደጋጋሚ ሕመም በቀጥታ ምክንያት የሚሆንበት አንዱ ሁኔታ ይህ ነው፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ሳል የነርቭ ሥራ ነው፤ መዋጥም እንደዚሁ። የአንጎል ጉዳት ኖሮበት እንቅስቃሴው የተገደበ ልጅ በደንብ መሳል ካልቻለ አክታው ይጠራቀማል፤ በደንብ መዋጥ ካልቻለ ምግቡና ምራቁ ወደ ሳንባው ይገባል። ውጤቱ ተደጋጋሚ የሳንባ ምች ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠቀመው ቀና ብሎ በመመገብ፣ ለመዋጥ የሚመቸውን የምግብ ውፍረት ባለሙያ አይቶ በመምረጥ፣ አክታውን በሚያወጣ ፊዚዮቴራፒና ክትባቱን በወቅቱ በማግኘት ነው።

«ልጅ ሁሉ ይታመማል፤ ያልፋል»

ይህኛው አመለካከት ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወስዳል። በአንድ ዓመት ውስጥ 2 ጊዜ የሳንባ ምች ወይም 4 እና ከዚያ በላይ አዲስ የጆሮ ኢንፌክሽን የያዘው፣ ክብደቱ አልጨምር ያለ፣ በተደጋጋሚ ጥልቅ መግል የሚቋጥር፣ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ አፉ ውስጥ የሚወጣው ነጭ ፈንገስ አልጠፋ ያለ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ የበሽታ መከላከያ ጉድለት ያለበት ሰው ያለው ልጅ መመርመር አለበት። መተንፈስ የከበደው፣ ከእንቅልፉ ለመንቃት ያስቸገረ፣ ለሰዓታት ሽንት ያልሸና ልጅ ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይሂድ። ዕድሜው ከ3 ወር በታች የሆነ ጨቅላ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ፣ ሌላ ምንም ምልክት ባይኖረውም፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት መታየት አለበት።