ኢንተርኔት የማን ነው? ሐዋሳ ላይ የሚወራውና እውነታው

ሐዋሳ ላይ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ባጃጅ ውስጥም ካፌ ውስጥም አሜሪካን የሚረግም አይጠፋም። እስቲ ወሬዎቹን እንያቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

«ኢንተርኔት የአሜሪካ ነው፣ በፈለገች ሰዓት ታጠፋዋለች።» የተጀመረውማ እዛ ነው፣ በመከላከያ ሚኒስቴራቸው በጀት። የዌብሳይት ስሞችንና የአይፒ ቁጥሮችን (ኢንተርኔት ላይ ያሉ መሣሪያዎች የሚገናኙባቸውን አድራሻዎች) የሚያስተባብረው አይካን የሚባል ድርጅትም ከ1998 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ነው ያለው። ግን የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር በዚህ ስራ ላይ የነበረው የበላይነት በ2016 አብቅቷል፣ ድርጅቱ አሁንም በካሊፎርኒያ ሕግ ስለሚተዳደር ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ ነው ብዬ ግን አልምልም። ለአፍሪካ የአይፒ ቁጥር የሚያድለው ደግሞ ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ የሚባል ድርጅት ነው።

«አይካን የጠላውን አገር ይቆርጣል።» በ2022 ዩክሬን የሩሲያን ነጥብ አርዩ (.ru፣ የሩሲያ ዌብሳይቶች ስም መጨረሻ) ሰርዙልኝ ብላ ጠይቃ ነበር፣ እምቢ ተባለች። የመልሱ ይዘት ስራችን ኢንተርኔቱ እንዲሰራ ማድረግ ነው እንጂ ማስቆም አይደለም የሚል ነበር።

«13ቱ ሰርቨሮች ከጠፉ አለቀልን።» የሚባሉት ሩት ሰርቨሮች ናቸው፣ የዌብሳይት ስም ፍለጋ የሚጀምርባቸው። 13 የሆኑት ስሞቻቸው ናቸው፣ ከኤ እስከ ኤም፣ ከጀርባቸው ያሉት ማሽኖች ግን ከሺህ በላይ ናቸው፣ ዓለም ላይ ተበትነዋል። ስራቸውም አድራሻ መጠቆም ነው እንጂ ፌስቡክን አልተሸከሙም። «7 ሰዎች የኢንተርኔቱን ቁልፍ ይዘዋል» የሚባለውም የዌብሳይት ስሞች እንዳልተጭበረበሩ የሚያረጋግጥ የዲጂታል ፊርማ ጉዳይ ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም።

ታዲያ ሲጠፋብን ማነው የሚያጠፋው? እዚሁ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ቁጭ ብለህ ፒያሳ ላለው ጓደኛህ በቴሌግራም ፎቶ ብትልክለት፣ ሰርቨሩ እዚህ ስለሌለ ፎቶው ከአገር ወጥቶ ነው የሚመለሰው፣ እኛ ደግሞ ባሕር ስለሌለን የባሕር ስር ኬብሉ ጋ የምንደርሰው በጎረቤት አገር በኩል ነው፣ በጅቡቲ ለምሳሌ። መውጫዎቹ ጥቂት ስለሆኑ በሩ ላይ ያለው መዝጋት ይችላል። በ2020 ሃጫሉ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ውሳኔው እዚሁ አገር የተወሰነ ነው፣ ከካሊፎርኒያ ማንም አልደወለም።

«ተመድ ነው የሚያስተዳድረው።» ተመድ የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ የሚባል ዓመታዊ ስብሰባ አለው፣ ይወያያሉ እንጂ ማንንም የሚያስገድድ ውሳኔ አያወጡም። የ2022ቱ አዲስ አበባ ነበር የተካሄደው፣ በዛው ሳምንት ትግራይ ውስጥ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት አልነበረውም።