የውሻ አፍንጫ ለምን ከሰው ይበልጣል?

ደሴ ውስጥ በማለዳ የሚወጣ ሰው ሉካንዳ ቤት ደጃፍ የተኮለኮሉ ውሾችን ሳያይ አይቀርም። በሩ ገና አልተከፈተም። ደጃፉም ማታውኑ ታጥቧል። ለእኛ ምንም አይሸትም። ውሻው ግን ድንጋዩን እየዞረ ያነፈንፋል፤ ትናንት ሥጋ የነካውን ቦታ አይስተውም።

በተለምዶ በሚጠቀሰው ግምት ሰው ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን የማሽተቻ ሕዋሳት አሉት። የውሻው እንደ ዝርያው ከ100 ሚሊዮን አልፎ እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳል። ጠረን የሚለዩት ጂኖችም ሰው ላይ 400፣ ውሻ ላይ 800 ገደማ ናቸው።

ነገሩ ግን በቁጥር ብቻ አያልቅም። እኔን በጣም የሚገርመኝ የአፍንጫው አሠራር ነው። በእኛ አፍንጫ የምንተነፍሰውም የምናሸተውም አየር አብሮ ያልፋል። ውሻ ላይ አየሩ ገና ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። አብዛኛው ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከመቶ 12 ገደማ የሚሆነው ግን ወደ ኋላ፣ ለማሽተት ብቻ ወደተሠራ ጓዳ ይገባል። እዚያ ስስ አጥንቶች እንደ ወረቀት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ በላያቸው የማሽተቻ ሕዋሳት ተነጥፈዋል። ውሻው ሲያስወጣም ትንፋሹ በዚያ ጓዳ አያልፍም። የገባው ጠረን እዚያው ይቆያል።

አፍንጫውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከቀዳዳዎቹ ጎንና ጎን ስንጥቅ አለች። ውሻው ከፊት ይስባል፣ በስንጥቋ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያስወጣል። በበጋ አቧራማ መንገድ ላይ ሲያነፈንፍ አቧራው በግራና በቀኝ ቡን ቡን ሲል ይታያል። ይህን በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ያደርገዋል። የራሱ ትንፋሽ ከፊቱ ያለውን ሽታ አይበትንበትም።

የአፍንጫው እርጥበትም ጠረን ይይዛል። ከላንቃው በላይ ደግሞ የሌሎች ውሾችን የሰውነት ጠረን የሚለይ ሌላ አካል አለው። አንጎሉ ውስጥም ለሽታ የተሰጠው ድርሻ ከእኛ እጅግ ይሰፋል።

የአየሩ ጠባይም ለውጥ ያመጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ይሆናል፣ ለማሽተትም ይመቻል። ኮምቦልቻ ከ30 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሆና በብዙ ዝቅ ትላለች፤ ትሞቃለችም። ውሻ ሲሞቀው ምላሱን አውጥቶ በአፉ ያለከልካል። እያለከለከ ደግሞ እንደልቡ ማነፍነፍ አይችልም። ኮምቦልቻ ላይ ጠባቂ ውሻ ያለው ሰው በቀትር ጥላና ውሃ ቢያዘጋጅለት አፍንጫውንም እየጠቀመው ነው።