በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል

ይህን አባባል ውል ሲፈረም፣ የዕድር ቃለ ጉባኤ ሲያዝ እንሰማዋለን። ሰው ያልፋል፣ የተናገረውም አብሮት ይጠፋል፤ የጻፈው ግን ለተከታዩ ይተርፋል ለማለት ነው። መነሻው ከቆሎ ተማሪ ቤት የሚርቅ አይመስለኝም፤ ዜማና ቅኔ በቃል የሚያዝበት ቦታ መምህር ሲሞት ምን እንደሚጎድል ያውቃል፣ ብራና የሚፋቀውም ለዚያ ነው። ሐረር ላይም ምስክሩ ቅርብ ነው። ጁገል፣ ከተማዋ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ፣ ሸሪፍ ሙዚየም ግቡ፤ ጸሐፊዎቻቸው ካለፉ ዘመን የተቆጠረባቸው የእጅ ጽሑፍ ቁርዓኖችና ኪታቦች ዛሬም ይነበባሉ።

አባባሉ እጅግ የሚከብደው ግን ችሎት ፊት ነው። አንዲት ሴት በልጇ ደብተር የመጨረሻ ገጾች ላይ፣ ቀን እያሰፈረች፣ «ዛሬም አነቀኝ፤ ለእማዬ አልነገርኳትም» ብላ ጻፈች እንበል። ኋላ ተገድላ ተገኘች፤ አነቀኝ ያለችውም ሰው ተከሰሰ። ደብተሩ ማስረጃ ይሁን?

ተከላካይ ጠበቃው «ወረቀት መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም፣ ይህ የስሚ ስሚ ነው» ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(4) ተከሳሽ የመሰከሩበትን ሰዎች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በሌላ በኩል በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 144፣ ከዋናው ክርክር በፊት ፍርድ ቤት በሚያደርገው ቀዳሚ ምርመራ ቃሉን የሰጠ ምስክር ከሞተ ቃሉ እንዲነበብ ፈቅዷል። ያ ግን ዳኛ ፊት የተሰጠ ቃል ነው፤ ደብተሩ ማንም ሳያይ የተጻፈ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ የካሊፎርኒያ ግድያ ጉዳይ፣ ተከሳሹ ሟቿ ለፖሊስ የሰጠችውን ቃል የመቃወም መብቱን የሚያጣው እንዳትመሰክርበት ብሎ ከገደላት ብቻ ነው ብሏል።

እኔ ይነበብ ባይ ነኝ። በተዘጋ በር ውስጥ ለተፈጸመ ጥቃት ሌላ ምስክር ከየት ይመጣል? ሆኖም ብቻውን አያስፈርድ። ጽሕፈቱ የእሷ መሆኑን ባለሙያ ያረጋግጥ፤ «አነቀኝ» ያለችበት ቀን ጎረቤት ከሰማው ጩኸት፣ የጤና ጣቢያ ካርዷ ላይ ከሰፈረው የአንገት ሰንበር ጋር ይመሳከር።

የቀሩት ገጾችስ? ዕዳዋ፣ ከእህቷ ጋር የተኳረፈችበት ነገር፣ ለፈጣሪዋ ያለቀሰችው ሁሉ የእሷ የግል ጓዳ ነው። አንቀጽ 20(1) የግል ሕይወትን ለመጠበቅ ዝግ ችሎት ይፈቅዳል፤ ዳኞች ይጠቀሙበት። ጠበቃ ደግሞ ከክሱ ጋር የማይገናኝ ገጽ ገልጦ የሟቿን ጠባይ ለማጉደፍ ሲነሳ፣ ዳኛው እዚያው ሊያስቆመው ይገባል።