የዲሰቢሊቲ ሂሪንግ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ለዲሰቢሊቲ፣ ማለትም በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መሥራት ላልቻለ ሰው ለሚሰጠው የመንግሥት ክፍያ፣ አመልክታችሁ ሁለት ጊዜ «አይገባችሁም» ከተባላችሁ ቀጣዩ በር ሂሪንግ ነው፤ ዳኛ ፊት ቀርባችሁ ጉዳያችሁን የምታስረዱበት። ሁለተኛው ደብዳቤ ከደረሳችሁ በኋላ ለመጠየቅ ያላችሁ 60 ቀን ነው፣ እንዳያልፋችሁ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ማንም አልተከሰሰም። የሶሻል ሴኩሪቲ (ክፍያውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ዳኛ ፊት ትምላላችሁ፣ ድምፅ ይቀረጻል፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሊረታችሁ የሚከራከር የመንግሥት ጠበቃም የለም።

የበሽታችሁ ስም ፋይሉ ላይ አለ። ዳኛው ከእናንተ አፍ መስማት የሚፈልገው ምን ያህል መቆም፣ መቀመጥ፣ መሸከም እንደምትችሉ ነው። የኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በወገብ ሕመም ሲገላበጥ ያደረ ሰው እንኳ «እንዴት ነዎት?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ለሰላምታ ጥሩ ነው፤ ሂሪንግ ላይ ግን ዳኛው ቃል በቃል ይወስደዋል።

«ምግብ ያበስላሉ?» ብትባሉ «አዎ» ብላችሁ አታቁሙ። «ድሮ 20 እንጀራ ሳልቀመጥ እጋግር ነበር፣ አሁን ሦስተኛው ላይ እግሬ ይደነዝዛል፣ የቀረውን ልጄ ትጨርሰዋለች» በሉ። «ምን ያህል ያነሳሉ?» ሲባልም አንድ ጋሎን ወተት 8 ፓውንድ ተኩል ገደማ ስለሆነ እሱን ከመኪና እስከ ቤት ማድረስ ትችሉ እንደሆነ ቤት ሳላችሁ አስቡበት። አታጋንኑም። «ምንም አልችልም» የሚል ሰው አይታመንም፣ ደግሞም መሐላ አለ።

ብዙ ጊዜ ስለ ሥራ የሚመሰክር ባለሙያም ይገኛል። ዳኛው «በወር ይህን ያህል ቀን የሚቀር ሰው የሚቀጥረው ሥራ አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ከአልጋ ያልተነሳችሁበትን ቀን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ባለፉት 5 ዓመታት የሠራችሁትንም በዝርዝር ያዙ፤ «ፓርኪንግ ሠራሁ» ብቻ አይበቃም፣ ስንት ሰዓት ቆማችሁ፣ ምን ተሸክማችሁ?

የሐኪም ወረቀት ከሂሪንጉ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን በፊት ይግባ፣ ያልደረሰ ካለም በዚያው ጊዜ አሳውቁ። አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እናት ልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም ስላለ ልጆቻችሁን በዚህ ሥራ ባታስገቡ እመርጣለሁ። አስተርጓሚው «ያቃጥለኛል» ያላችሁትን «ያመኛል» ብሎ ካለፈው እዚያው አስቁሙትና ድገሙለት።