የፌሪ በር ምንድን ነው?

እህቴ ከአሜሪካ አንድ ፎቶ ላከችልን። ዛፍ ሥር አንዲት ስንዝር የምታህል በር ተለጥፋለች። እጀታ አላት፤ መስኮትም አላት። ደብረ ማርቆስ ቤታችን ቁጭ ብለን ለእናቴ አሳየኋት። አየችና አማተበች። «ይቺን ደግሞ ማን ነው የሚገባባት?» አለች።

ፌሪ ነዋ! በእንግሊዝና በአየርላንድ ተረት ፌሪ ማለት ከሰው ጎን ተሰውሮ የሚኖር ፍጡር ነው። በሯ ከእንጨት ወይም ከሸክላ ትሠራና የዛፍ ወይም የግድግዳ ሥር ላይ ትለጠፋለች። አብዛኛውን ጊዜ አትከፈትም፤ ከኋላዋ ያለው ግንድ ብቻ ነው። ቀሪውን ልጆች በሐሳባቸው ይሞሉታል። ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር በምትባል ከተማ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየሱቁና በየካፌው ብቅ ብቅ ብለዋል። ልጆች ሳንቲምና ደብዳቤ ያስቀምጡላቸዋል። በሮቹ በአንድ የእግር መንገድ ዳርና ዳር ሲበተኑ ደግሞ ጉዞው ራሱ ፍለጋ ይሆናል፤ ልጁ ደከመኝ ማለቱን ይረሳል።

ሲበዛ ግን ጣጣ አለው። እንግሊዝ አገር ሶመርሴት ውስጥ በሚገኘው ዌይፎርድ ጫካ ሰው በር እያመጣ ሲለጥፍ ቁጥሩ ከ200 አለፈ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የጫካው ኃላፊዎች ልክ ይበጅለት አሉ። ለማይታይ ነዋሪ የግንባታ ፈቃድ! ቀበሌ እዚያም አለ ማለት ነው።

ይህን ስነግራት እናቴ የራሷን አመጣች። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዜር ሊያያቸው ቢመጣ ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ ቆንጆዎቹን 15 ደበቀች። «የደበቅሻቸው እንደተደበቁ ይቅሩ» አላት። ዛር የእነሱ ዘር ነው ይባላል። የሚገርመው፣ አይስላንዶችም ስለ ስውር ሕዝባቸው ይህንኑ ያወራሉ። የእነሱዋ ሔዋን የደበቀችው ግን ገላቸውን ያልታጠቡትን ነው፤ አፍራ። እዚያው አገር ኮፓቮጉር ከተማ ውስጥ አንድ መንገድ የስውራን መኖሪያ ነው የተባለ ጉብታ ጋ ሲደርስ ይጠባል።

የእኛው አድባር ጋ ግን ጨዋታ የለም። ዋርካው ቅቤ ይቀባል፣ ቡና ይፈስለታል፤ ልጅ ሥሩ እንዲንጫጫ አይፈለግም። እዚያ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባች በር ልለጥፍ ብል ጎረቤት የሚለኝን አውቃለሁ። ተረት ያለው መንገድ ለመሥራት ከሆነ የዓባይ ምንጭ ያለበት ሰከላ ይሻላል ባይ ነኝ። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሲታሰሩ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱ «ግሽ ዓባይ» ቢሉት ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። የቦታው ስም ከዚያ መጣ። በር እንኳ አያስፈልገውም።

የወንድሜ ልጆች ግን ፎቶውን አይተው አልለቀቁኝም። ጓሯችን ያለው ዋንዛ ላይ አንድ ብንለጥፍስ ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

«ተይ ልጄ» አለች። «በር ከሠራሽለት'ኮ ይወጣል።»

በመጨረሻ የዶሮ ቤቱ ላይ ተስማማን።